ያልተመለሰው መስመር

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ አምስት ሰው ተሰልፏል። እሷ አራተኛ ናት። ከኋላዋ የቆመውን ሰው ዞራ አላየችውም፤ ከሳሉ አውቃዋለች።

«አንድ ወረቀት ሰጥተሽ ሁለት ትቀበያለሽ» አላት፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ሳያነሣ።

«እሺ።»

«ሦስተኛው እንግዳ ዛሬ ቤት ይቀይራል።»

እጇ ላይ ያለው ወረቀት ተጨማደደ።

«ስንት ሰዓት?»

«አድራሻው አምስት ሰዓት ላይ መዝገብ ይገባል። ከዚያ በፊት ፑሉን ከሃያ ወደ ስልሳ አሳድጊው። መጨናነቁ ይቀራል፣ ጠባቂዎቹም አፋቸውን ይዘጋሉ።»

«አድራሻ አሾልኮ የሚያወጣውስ ሰው?»

«ሽማግሌው ነው። አራት ሰዓት ላይ ሲስተሙን ሲያጠፋ ልጆቼ እጅ ከፍንጅ ይይዙታል። አንቺ አላየሽም፣ አልሰማሽም።»

ባለ ማሽኑ ጠራት። አንድ ሰጠች፣ ሁለት ተቀበለች። ስትወጣ ሰውየው ገና እያሳለ ነበር።

በስለላ መሥሪያ ቤቱ ማገር ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ካለ እናቷ ብቻ ናት። ሰውየው ደግሞ አጎት ነው። የማንም አጎት አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ትእዛዝ የተቀበለችው ከእሱ ብቻ ነው፤ ከልቧ የምታምነውም እሱን ብቻ ነበር።

ሁለተኛውን ወረቀት አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሆና አየችው። «ስልሳ» ይላል። ከታች በኩል ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ ሰባት ቁጥር። የአጎት ምልክት ናት። ደንቡ ቀድዳችሁ ሁለት ቦታ ጣሉ ይላል።

አልጣለችውም። አጣጥፋ ጫማዋ ውስጥ ከተተችው። ቀልቧ አልወደደውም፣ በቃ።

ከመንገዱ ማዶ ግራጫ ሹራብ የለበሰ ሰው ጋዜጣ ያነባል። ገጹን አይገልጥም።

አውቶቡሱ መጣ። ባለ ሹራቡም ተሳፈረ።

እንግዳ የሚባሉት ምስክሮች ናቸው። ሰው አስገድሎ ያስቀበረ አንድ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት ቆሟል፤ ሦስት ሰዎች ሊመሰክሩበት ቆረጡ። መሥሪያ ቤቱም ከቤት ቤት እያዛወረ ደበቃቸው። አድራሻቸው የሚጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጠባቂዎች ከስልካቸው ገብተው በሚያነቡት የኮምፒውተር መዝገብ ላይ። የመጀመሪያው እንግዳ አድራሻው በተመዘገበ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተገደለ። ሁለተኛዋ ነርስ ነበረች።

የነርሷ ጠባቂ ማገር ነበረች።

ያን ቀን መኪና ውስጥ ሆና ስልኳን ነካች። ገጹ ዞረ። ዞረ። «መስመር የለም፤ ቆይተው ይሞክሩ» አላት። እንደገና ነካች። ስምንት ደቂቃ። በስንት መከራ አድራሻው ወጥቶላት ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ምድጃው ላይ ውሃ ይፈላል። ገዳዮቹ ያለ ወረፋ አንብበውታል። ማገር ምድጃውን አጥፍታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲፈላ ከሰማች ክፍሉን ለቅቃ ትወጣለች።

ሦስተኛው እንግዳ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የተገደሉት ሰዎች ሬሳ የት እንደተራገፈ ያውቃል፤ ጭኖ የወሰደው እሱ ነውና። አንድ ጊዜ እሷ እየነዳች ቤት ቀይራለታለች፤ መንገዱን ሙሉ ሲነቅፋት ዋለ። «እህቴ፣ ማርሹን ለምን ታሠቃዪዋለሽ? ምን አደረገሽ?» ስትስቅ እሱም ሳቀ። «እኔ ብሞት በጥይት አይደለም፣ ባነዳድሽ ነው።» ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እስከዚያ በሕይወት መቆየት አለበት። ሌላ ምስክር የለም።

መዝገቡን የሚያስተዳድረው ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስድስት ጠረጴዛ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ሰርቨር፣ የማይከፈት መስኮት። ማገር አድራሻ የሚያሾልከውን እንድትይዝ ተልካ፣ እዚህ የኮንትራት ባለሙያ መስላ ከተቀመጠች ሦስት ሳምንቷ ነው። ሽፋኗ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ሙያውን ተምራዋለች።

መዝገቡ የተቀመጠበት ዳታቤዝ ኃላፊ ስልሳን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ሲስተሙ ምን ቢሆን መድኃኒታቸው አንድ ስለሆነ ቢሮው «አጥፍተህ አብራ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ያውቃሉ፤ ደስም ይላቸዋል።

«ደህና አደሩ፣ ጋሼ።»

«ደህና አደርሽ፣ የኔ ልጅ። ነይ ጉዱን እይ። ገና በሦስት ሰዓት አሥራ አንድ ተይዟል።»

ስክሪናቸው ላይ ሃያ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። አሥራ አንዱ ቀይ ናቸው።

ነገሩ ቀላል ነው። ከዳታቤዝ ጋር በየጊዜው አዲስ መስመር መክፈት ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሃያ መስመር አስቀድሞ ተከፍቶ አንድ ላይ ይቀመጣል፤ የሙያው ሰዎች ፑል ይሉታል። አንድ ጠባቂ ገጹን ሲነካ ሲስተሙ አንዱን መስመር ተውሶ፣ አንብቦ፣ ወዲያው ይመልሳል። ቀጣዩ ያንኑ ይዋሳል። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ማለት ነው። የወሰደ ካልመለሰ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ የመጣው ሁሉ ሠላሳ ሴኮንድ ደጅ ጠንቶ ይባረራል።

«አሁን ስንት ጠባቂ ገብቷል?»

«ሁለት።»

«ሁለት ሰው አሥራ አንድ መስመር ምን ያደርግለታል?»

«እኔስ ምን አልኩ? ማን እንደያዘው ግን አይታወቅም። ሁሉም የሚገባው ባንድ ስም ነው።»

እውነታቸውን ነው። ፑሉ ውስጥ ያሉት መስመሮች ሁሉ ዳታቤዙ ጋ የሚቀርቡት በአንድ የጋራ ስም ነው። የማንን ጥያቄ እንደያዙ ፊታቸው ላይ አይጻፍም። ለሰላይ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የለም፤ ማገር ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ስልሳ ብታደርገውስ? የማይመልሰው ሰው በሃያ ፋንታ ስልሳ ያገኛል። ማንም ሳይጨናነቅ፣ ማንም ሳይጮህ፣ ሲወስድ ይውላል። ቀዳዳ በርሜል ትልቅ ስለሆነ ማፍሰሱን አይተውም። የአጎት ትእዛዝ ነገሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

አጎት ይህን አያውቅ ይሆናል።

ወይም ያውቃል።

«ጋሼ፣ ይህን የአራት ሰዓቱን ማጥፋት መቼ ጀመራችሁት?»

ሽማግሌው ሳቁ። ልማዱን ፎቁ ሁሉ ያውቀዋል። ልክ አራት ሰዓት ላይ ጋሼ ሲስተሙን አጥፍተው ያበራሉ። የተያዙት መስመሮች ይለቀቃሉ፤ ሠራተኛው ሻይ ሊጠጣ ይወርዳል። በዚያችው ደቂቃ ባለቤታቸው ይደውላሉ። «አጠፋኸው?» ይላሉ ሴትየዋ። «አጠፋሁት፤ አምስት ደቂቃ አለኝ» ይላሉ ጋሼ። ከዚያ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ምሳ ያወራሉ።

«ስምንት ወር ሆነው» አሉ። «ካንቺ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረው ልጅ ነው ያመጣው። በኋላ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። እኔማ በየቀኑ ከምናጠፋው የያዘውን ፈልገን እናግኘው ብዬ ነበር። ደብዳቤ መጣብኝ።»

«የምን ደብዳቤ?»

መሳቢያቸውን ሳቡ። ጋሼ ወረቀት የሚባል ነገር አይጥሉም።

ሲስተሙ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ጠፍቶ እንዲበራ። መስመሮቹን ማን እንደያዘ የሚመዘግበው ክትትል ተዘግቶ እንዲቆይ። ለማንም እንዳይነገር።

ከታች በኩል ሦስት ማዕዘን። ውስጡ ሰባት ቁጥር።



ለነርሷ ጠባቂ አድርጎ የመደባት አጎት ነው። በቀብሩ ማግስት ትከሻዋን ይዞ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ያላትም እሱ ነው። ያኔ እቅፉ ውስጥ ሆና ማልቀሷ አሁን አንገበገባት።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አስጠጋች።

«ጋሼ፣ እኔ የኮንትራት ሠራተኛ አይደለሁም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አደረጉት።

«ከመቼ ወዲህ ነው የኮንትራት ሠራተኛ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ የሚቀመጠው?» አሉ በቀስታ። «ቀጥይ።»

ነገረቻቸው።

ክትትሉ የሚከፈተው ሲስተሙ እንደ አዲስ ሲነሣ ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ጋሼ ከሰዓታቸው ውጭ አጠፉት። አበሩት። ተወስዶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልተመለሰ መስመር ካለ የወሰደውን እንዲጽፍ አዘዙት።

ሃያው ሳጥን አረንጓዴ ሆነ።

አንዱ ቀላ።

አልተመለሰም።

ጽሑፉ ወጣ። መስመሩን የወሰደው የቀን መቁጠሪያው ገጽ ነው።

«ቀን መቁጠሪያ?» አሉ ጋሼ። «የእረፍት ቀን የሚያሳየው? እሱ ምን ቤት ነው?»

ማገር ኮዱን ከፈተች። የጻፈው ከእሷ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረው ልጅ ነው። ኮዱ መስመር ይዋስና መዝገቡን ሲጠብቅ ይውላል፤ አድራሻ በተጻፈ ቁጥር ቀድቶ ወደ ውጭ ይልካል። የሚልክበትን ኮምፒውተር ስም አነበበች። ጠዋት በሩ ላይ በትልቁ ተጽፎ ያየችው ስም ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ።

ልጁ አንድ ነገር ረስቷል። መላኩ በተሰናከለ ቁጥር ኮዱ የያዘውን መስመር ሳይመልስ ሌላ ይወስዳል። የጀማሪ ስህተት ነው። ሃያው መስመር በየቀኑ የሚያልቀው፣ ጠባቂዎቹም አቤት ያሉት በዚህ የተነሣ ነው። አጎት የላካት ሌባውን እንድትይዝ አልነበረም። ጩኸቱን እንድታበርድለት ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ጥፋቱን ተሸክመው ሊሄዱለት።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ።

«ማገር» አለ አጎት። «ሲስተሙ ቅድም ለምን ጠፋ?»

እያየ ነው።

«እኔ ነኝ። ስልሳውን እየሞከርኩ ነበር።»

«አሳደግሽው?»

«አራት ሰዓት ላይ ሲነሣ አዲሱ ቁጥር ይገባል።»

ሳል።

«ጎበዝ። ልጆቼ ታች ናቸው።»

በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ባለ ግራጫ ሹራቡ ከበሩ ፊት ለፊት ቆሟል። አጠገቡ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና አለ።

«ቀን መቁጠሪያውን እናውጣው» አሉ ጋሼ።

«ካወጣነው ወዲያው ያውቃል። ደረጃውን ወጥተው ሁለታችንንም ይዘው ኮዱን ይመልሱታል።»

«አድራሻ ለሚጽፉት ሰዎች እንንገራቸዋ።»

«የት እንደሚቀመጡ አላውቅም። ማንም እንዳያውቅ ነው የተደረገው።»

አንድ ደንብ ግን ነበር፤ ከነርሷ ሞት በኋላ የወጣ። አድራሻው መዝገብ ላይ ካልተጻፈ እንግዳውን የያዘው መኪና አይቆምም። ሲዞር ይውላል፤ የችሎቱ ሰዓት ሲደርስ ቀጥታ ፍርድ ቤት ይገባል።

«ስልሳ አናደርገውም» አለች ማገር። «አንድ እናድርገው።»

ጋሼ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ጉልበታቸውን መቱ።

ፑሉ አንድ መስመር ብቻ ካለው፣ ሲስተሙ ሲነሣ ቀድሞ የሚደርሰው ቀን መቁጠሪያው ነው። ያቺን አንዷን ይወስዳል። አይመልሳትም። ከዚያ በኋላ ማንም ማንበብ፣ ማንም መጻፍ አይችልም። አጎት ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ የማይመጣ አድራሻ ይጠብቃል። መኪናውም አይቆምም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሳይይዙዎት በኋላ በር ይውጡ። እኔ አጠፋዋለሁ።»

«እኔን ካጡኝ ምን ያደርጋሉ?»

ታውቀዋለች።

«ምን እንደተነካ ይፈልጋሉ» አሉ ሽማግሌው። «ጣቴ ቁልፉ ላይ እያለ ካገኙኝ ግን ከኔ ሌላ የሚያዩት የለም። እስከ ስንት ሰዓት ይበቃሻል?»

«እስከ ስምንት።»

«ይሁን። እኔ እንደሁ ስሜን ሲጠይቁኝ ካያቴ ነው የምጀምረው።»

«ጋሼ፣ እባክዎ።»

«አራት ሰዓት ላይ ስልክ ይደወላል። አንሺልኝ። እንዳትደነግጥብኝ።»

አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ማገር ሃያውን ሰርዛ አንድ ጻፈች። የክትትሉን ጽሑፍ አትማ ከደብዳቤው ጋር ሸሚዟ ውስጥ ሸጎጠች። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

ልክ አራት ሰዓት።

ጋሼ ቁልፉን ተጫኑ።

በሩ ተበረገደ።

«እጅህን አንሣ! ከዚያ ላይ እጅህን አንሣ አንተ!»

ጋሼ ዕድሜያቸውን በአንቱታ የኖሩ ሰው ናቸው። ከመያዛቸው ይልቅ አንተ መባላቸው ያስከፋቸው መሰለ።

«ቀስ በል፣ ጎረምሳው» አሉ። «ባርኔጣዬን ልያዝ።»

ባለ ግራጫ ሹራቡ በክንዳቸው ይዟቸው ሲያልፍ ማገርን ጠቀሳት። የራሱ ወገን መስላዋለች። ጋሼ ዞረው አላዩዋትም። አንድም ጊዜ።

ስክሪኑ በራ። አንድ ሳጥን ብቻ። አረንጓዴ።

ቀይ።

ስልኩ ጮኸ።

«አጠፋኸው?» አሉ ባለቤታቸው፣ ሳቅ ባለው ድምፅ።

ማገር በሥራዋ ቁጥር የሌለው ውሸት ዋሽታለች። እንደዚህኛው የከበዳት የለም።

«እትዬ፣ ጋሼ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«በዚህ ሰዓት? እሱ ስብሰባ አይወድም እኮ። ሲያልቅ ደውል በይው፣ እሺ የኔ ልጅ?»

«እሺ፣ እትዬ።»

በኋላው ደረጃ ወረደች። ፍርድ ቤቱ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ሁለት አውቶቡስ ቀየረች፣ አንድ ሱቅ በፊት ለፊት ገብታ በጓሮ ወጣች። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በትልቁ መንገድ ዳር ስትጣደፍ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ካላነሣች አጎት ይነቃባታል።

«ገጹ መስመር የለም ይለኛል። ስልሳ አላልኩሽም?»

«እያስተካከልኩት ነው። አሥር ደቂቃ ስጠኝ።»

«የት ነሽ? መኪና ይሰማኛል።»

«መስኮቱ ክፍት ነው።»

ቃሉ ካፏ ሲወጣ ታወቃት።

አጎት አልሳለም።

«የዚያ ቢሮ መስኮት አይከፈትም፣ ማገር።»

ስልኩን በሚያልፍ የጭነት መኪና ላይ ወረወረችው። ሮጠች። ከኋላዋ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች፤ አሳዳጅ ይሁን መንገደኛ ለማየት አልዞረችም። የፍርድ ቤቱን ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ወደቀች።

ባለሥልጣኑን የከሰሰችውን ዓቃቤ ሕግ ችሎቱ ደጃፍ ላይ አገኘቻት። ሦስቱን ወረቀት ሰጠቻት፤ ደብዳቤውን፣ የክትትሉን ጽሑፍ፣ ከጫማዋ ያወጣችውን «ስልሳ»። ሴትዮዋ ምልክቶቹን ጎን ለጎን አድርጋ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ስልኳን አነሣች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አጎትን ያዙት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጦ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው አቧራ የለበሰ መኪና በፍርድ ቤቱ በር ገባ። ሦስተኛው እንግዳ ወገቡን ይዞ ወረደ። ማገርን ሲያያት ፊቱ በራ።

«እህቴ! አንቺ ብትነጂ ይሻለኝ ነበር። ይኼኛው ሦስት ሰዓት ሙሉ ያዞረኝ ፍሬን የሚባል ነገር ሳይነካ ነው።»

ገብቶ መሰከረ። ቦታዎቹን አንድ በአንድ ጠራ። አዳራሹ ውስጥ የሟች እናቶች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ቦታ ሲጠራ አንዷ ትነሣለች።

ጋሼን ያገኟቸው በባለ ግራጫ ሹራቡ መኪና ውስጥ ነው። ልባቸው ነው የቆመው ተባለ። ማንም አልነካቸውም ተባለ። ባለ ሹራቡ ቃሉን ሲሰጥ እንዳለው፣ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ሲጠይቋቸው ነበር፤ «ምን አድርገህ ነው የዘጋኸው?» አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አንድ የሚለውን ሃያ አድርጉት ቢሉ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን ስለ አያታቸው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ መጀመሪያ ስለነኩት ኮምፒውተር ሲያወሩ ቆዩ። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰዓታቸውን አይተው ዝም አሉ።

ማገር ይህን የሰማችው ኮሪደር ላይ ቆማ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ፋይሉ ታሸገ። ለባለቤታቸው «በሥራ ላይ እያሉ ሕይወታቸው አለፈ» የሚል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ተላከ። ማገር የሚባለው ስም ተሰረዘ።

አራት ወር አለፈ። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቢሮ፣ ጀርባው ለግድግዳ የተሰጠ ሌላ ወንበር። ሠራተኞቹ ለሻይ ሲወርዱ አብራቸው ወረደች፤ ጥግ ይዛ ስልክ አወጣች። አራት ሰዓት ነበር።

ገና ሳይጠራ ተነሣ።

«ሄሎ?»

«እትዬ፣ የጋሼ የሥራ ባልደረባ ነኝ።»

«ማን ልበል?»

የምትሰጣቸው ስም አልነበራትም።

«ያን ቀን ስልኩን ያነሣሁት ነኝ።»



«ስብሰባ ላይ ናቸው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«አለቀ እንዴ ስብሰባው?»

ቁጣ የለበትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«አልቋል፣ እትዬ። እዚያ የሆነውን ልነግርዎ ነው። አምስት ደቂቃ አለኝ።»

ወንበር ሲጎተት ተሰማት።

«ተቀምጫለሁ» አሉ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ምንም አታስቀሪ።»

ይህን መናገር እስር ቤት ያስገባል። ነገረቻቸው። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ እናቶቹ፣ ስለ ባርኔጣው። ባርኔጣው ጋ ስትደርስ ሴትየዋ «ወይ እሱ!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ።

አምስት ደቂቃው ሲሞላ ስልኩን ዘጋች። ሲም ካርዱን አውጥታ ሰበረችና ግማሹን አንድ ቦታ፣ ግማሹን ሌላ ቦታ ጣለች። ከሻይ የሚመለሱት ሠራተኞች ደረጃውን መውጣት ጀምረዋል። መሃላቸው ገብታ አብራቸው ወጣች።